በኤሌክትሪክ ኀይል አፈርን ስለ ማጽዳት፤ የአሰንዳቦን ጉዳይ በመመልከት የቀረበ ትችት

መርዝ የገባበትን አፈር ሳይቈፍሩና ሳያጓጕዙ፣ በውስጡ ኮረንቲ በማሳለፍ ብቻ ማጽዳት ይቻላል የሚለው ትምህርት በሳይንስ መጽሔቶች ላይ በሰፊው መጻፍ ከጀመረ እነሆ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዘዴው ለሰሚው ደስ የሚያሰኝ ነው። አገራችንም ከወንዞቿ የኤሌክትሪክ ኀይል በማውጣት ላይ ስለ ሆነች፣ ተማሪው ሁሉ «ይህ ነገር ለእኛስ አይበጅምን?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ጥያቄው ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚስማማው ለአሰንዳቦ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ በአንድ ወገን የግልገል ጊቤ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ጎረቤት ናት፤ በሌላ ወገን ደግሞ በእናቶች የጡት ወተት ውስጥ ዲ.ዲ.ቲ. የተባለው ፀረ ተባይ እንደ ተገኘ ከተጻፈባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ኮረንቲውና መርዙ በአንድ አገር ተገናኝተዋልና፣ አንዱን በሌላው ማስወገድ የሚለው ሐሳብ ወዲያው ወደ አእምሮ ይመጣል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ሐሳብ ነው። ሁለት ዓይነት ሥራዎችንም ጐን ለጐን አድርገን እናነባለን። የመጀመሪያዎቹ ዘዴውን ለዓለም ያስተዋወቁት የ1993 ጽሑፎች ናቸው። ሁለተኛው በ2013 «ኬሞስፊር» በተባለው መጽሔት የታተመው፣ ኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ የሰውና የላም ወተት መርምረው ያቀረቡት ጥናት ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን በአጭሩ ለመናገር፣ ዘዴው በቦታው እውነተኛ ነው፤ ለአሰንዳቦ ግን የተሳሳተ መርዝን፣ በማይስማማ አፈር ውስጥ፣ ምናልባትም ዋናው ምንጭ ባልሆነ ቦታ እንድናሳድድ ያደርገናል። እንዲህ ያልንበትን ምክንያት ከዚህ በታች በተራ እናስረዳለን። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. ትምህርቱ ምን ይላል?

የዘዴው ሥር ጥንታዊ ነው። ሮይስ የተባለ የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1809 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በእርጥብ ሸክላ ውስጥ ኮረንቲ ሲያልፍ ውሃው ከአንዱ የብረት ዘንግ ወደ ሌላው እንደሚጓዝ አስረዳ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሊዮ ካሳግራንዴ የተባለው መሐንዲስ ይህንኑ ጠባይ በጀርመን አገር ለባቡር ሐዲድ በተቈረጠ ለስላሳ አፈር ላይ ውሃውን ለማስወጣትና አፈሩን ለማጽናት ተጠቀመበት። ከዚያ በኋላ ቆይቶ ነው «ውሃውን ካንቀሳቀሰው፣ በውሃው ውስጥ ያለውንም መርዝ ያንቀሳቅሳል» የሚለው ሐሳብ የተስፋፋው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ረድፍ ዘንጎች በአፈሩ ውስጥ ይተከላሉ፤ አንዱ ረድፍ ከአዎንታው፣ ሌላው ከአሉታው የኮረንቲ ጫፍ ጋር ይያያዛል። በአፈሩ ውስጥ የሚሆነው ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፣ ክስ ያላቸው ቅንጣቶች፣ ማለት አዮኖች፣ ወደ ተቃራኒያቸው ዘንግ ይሄዳሉ፤ እርሳስ፣ መዳብ፣ ዚንክና ካድሚየም ወደ አሉታው፣ ክሮሜትና ናይትሬት ወደ አዎንታው። ሁለተኛ፣ የሸክላው ፊት አብዛኛውን ጊዜ የአሉታ ክስ ስላለው፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ በሙሉ ወደ አሉታው ዘንግ ይሳባል፤ ይህም ኤሌክትሮኦስሞሲስ ይባላል። ሦስተኛ፣ ውሃው ራሱ በዘንጎቹ ዘንድ ይፈርሳል፤ በአዎንታው ኦክሲጅንና አሲድ፣ በአሉታው ሃይድሮጅንና አልካሊ ይወጣል። የአሲዱ አዮን ከአልካሊው አዮን ወደ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ስለሚጓዝ፣ በመጨረሻው አብዛኛው አፈር አሲድ ይሆናል። አንባቢ ይህን ሦስተኛውን ነገር በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

፪. የሚመሰገንበት

በ1993 አካርና አልሻዋብኬህ የተባሉት ሊቃውንት የዘዴውን መሠረተ ሐሳብ ባሳተሙበት ጽሑፍ፣ እንዲሁም ፕሮብስቲንና ሂክስ በዚያው ዓመት «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ውስጥ የሚመሰገን ነገር ብዙ ነው። ከሁሉ በፊት ዘዴው የሚሠራው ሌላው ዘዴ በሚሰንፍበት ስፍራ ነው። ደቃቅ ሸክላ ውሃ አያሳልፍም፤ በፓምፕ ቢገፉትም ውሃው በስንጥቁ ብቻ ያመልጣል። ኮረንቲ ግን የሸክላውን ደቃቅነት አይፈራም፤ እንዲያውም በደቃቁ ውስጥ ይበልጥ ይሠራል። በኔዘርላንድ በ1980ዎቹ አንድ የቀድሞ የቀለም ፋብሪካ በነበረበት ስፍራ እርሳስና መዳብ በዚህ መንገድ እንዲቀንስ መደረጉ ተጽፏል።

ከሁሉ የታወቀው ማስረጃ ግን በአሜሪካ በኬንተኪ ክፍለ ሀገር፣ በፓዱካ የተደረገው ነው። እዚያ በ1995 «ላዛኛ» የተባለ ዘዴ ተሞከረ። ትራይክሎሮኢትሊን የተባለው የብረት ማጠቢያ ፈሳሽ የገባበት ሸክላ በኮረንቲ ታጥቦ፣ ውሃው በመሬት ውስጥ በተዘጋጁ የማከሚያ ግድግዳዎች እንዲያልፍ ሆነ፤ በአራት ወር ያህል ጊዜም ከመርዙ 98 በመቶ በላይ እንደ ተወገደ ተመዘገበ። ይህ ውጤት እውነተኛ ነው፤ እኛም አንክደውም። የምንጠይቀው ግን ይህ ነው፦ በፓዱካ የተሳካው በምን ምክንያት ተሳካ? ምክንያቱስ በአሰንዳቦ ይገኛልን?

፫. የአሰንዳቦ ነገር

ወደ አሰንዳቦ ከመድረሳችን በፊት መርዙ እንዴት እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ዲ.ዲ.ቲ. ወደዚያ አገር የገባው ሰውን ለመግደል ሳይሆን ለማዳን ነው። ወባን ለመከላከል በብዙ የኢትዮጵያ ቆላማና ወይና ደጋ አገሮች የቤት ግድግዳ በዚህ መድኃኒት ለአሥርተ ዓመታት ይረጭ ነበር። በ2004 የተጠናቀቀው የግልገል ጊቤ አንደኛ ግድብ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሲሰጠን፣ ከበስተኋላው ሰፊ ሐይቅም አስተኛ። በ2009 ደለነሳው የኋላውና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት፣ ከሐይቁ በ3 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት ይበልጥ በወባ ይያዙ እንደ ነበር አሳየ። እንግዲህ ኮረንቲውን የሰጠን ውሃ ለወባ ትንኝም መራቢያ ሆነ፤ የወባ ትንኝ ባለችበትም ርጭት አለ።

ይሁን እንጂ ትንኟ መድኃኒቱን ለመደች። እነዚሁ የጅማ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ በግልገል ጊቤ ዙሪያ ያለችው የወባ ትንኝ ዲ.ዲ.ቲ.ን ብቻ ሳይሆን ሌሎችንም ፀረ ተባዮች መቋቋሟን አስረዱ። ለቤት ርጭት በዲ.ዲ.ቲ. መጠቀምም በ2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ ቀርቶ በሌሎች መድኃኒቶች ተተካ። አስቀድሞም ኢትዮጵያ በ2001 የተፈረመውን የስቶክሆልም ስምምነት በ2003 አጽድቃ ነበር፤ ስምምነቱም ዲ.ዲ.ቲ.ን ለወባ መከላከያ ካልሆነ በቀር ይከለክላል። መድኃኒቱ ግን በርጭት ጓድ እጅ ብቻ አልቀረም። በጎታ ውስጥ እህል ከነቀዝ ለማዳን፣ በጫት ማሳም ተባይ ለመግደል በየስፍራው ይደረግ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

፬. ወተቱ የሚመሰክረው

አሁን ወደ 2013ቱ ጥናት እንምጣ። ከሦስቱ ከተሞች በተሰበሰበው ናሙና ውስጥ የጠቅላላው ዲ.ዲ.ቲ. አማካይ መጠን፣ በሰው ወተት በአንድ ግራም 12.68 ማይክሮግራም፣ በላም ወተት ደግሞ 0.389 ማይክሮግራም ሆኖ ተገኘ። ጡት የሚጠባ ሕፃን በቀን የሚወስደው በአማካይ በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 62.17 ማይክሮግራም እንደሚሆን ተሰላ። ደራሲዎቹ ይህን ከ20 ማይክሮግራም ወሰን ጋር አመዛዝነው ሦስት እጥፍ ነው አሉ። እኛ ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምራለን። የዓለም የጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ጉባኤ በ2000 ይህን ወሰን ወደ 10 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል፤ በዚህኛው ከተመዘነ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ሳይሆን ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ጥናቱ ነገሩን አጋነነ የሚል ሰው ቢኖር፣ ይልቁንም እንዳሳነሰው ይወቅ። ይህን ስንል እናት ጡቷን ትከልክል ማለታችን አይደለም፤ የጡት ወተት ጥቅም ከዚህ ጉዳት እንደሚበልጥ የጤና ሊቃውንት ይመክራሉና።

ከጥናቱ ቁጥሮች ውስጥ ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጡት ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው የሰውና የላም ልዩነት ነው። 12.68 ለ0.389 ቢካፈል ከ32 በላይ ይሆናል። ላሚቱ ቀኑን ሙሉ በመስክ ትውላለች፤ ሣሩን ከነሥሩ ትነጫለች፤ ከሣሩ ጋር አፈር ትውጣለች። እናቲቱ ግን በተረጨው ቤት ታድራለች፤ ከጎታው የወጣውን እህል ትበላለች፤ በርበሬውን ትደልዛለች፤ ግድግዳውን በእጇ ትመርጋለች። የመርዙ ዋና ምንጭ የመስኩ አፈር ቢሆን ኖሮ፣ ላሚቱ እንዲህ ወደ ኋላ ባልቀረች ነበር። በእርግጥ ላም ሣር በል እንስሳ ስለ ሆነች፣ ለብዙ ወራትም በየቀኑ ስለምትታለብ መርዙ በገላዋ እንደ ሰው አይከማችም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ነገር ግን ጣቱን የሚቀስረው ወደ ቤቱና ወደ ጎታው እንጂ ወደ ማሳው አይደለም።

ሁለተኛው ቁጥር የመርዙን ዕድሜ የሚናገረው ነው። ዲ.ዲ.ቲ. በአፈርና በገላ ውስጥ ሲቆይ ዲ.ዲ.ኢ. ወደሚባል ሌላ ነገር ይለወጣል። በጥናቱ ያልተለወጠው ዲ.ዲ.ቲ. ከጠቅላላው ያለው ድርሻ በሰው ወተት 0.57፣ በላም ወተት 0.58 ሆኖ ተገኘ። ደራሲዎቹም ይህ የቅርብ ጊዜ አጠቃቀምን ያመለክታል ብለዋል፤ ትክክል ናቸው። እንግዲህ በወተቱ የተገኘው በአፈር ውስጥ ሲኖር ያረጀ መርዝ ሳይሆን በዚያን ጊዜ ከእጅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ አፍ የሚገባ መርዝ ነበረ። ጣራው እያፈሰሰ ወለሉን መጥረግ ምን ይጠቅማል?

በዚህ ክፍል የ2013ቱን ጥናት ስናመሰግን አንድ ነገር ደግሞ እንነቅፋለን። ጥናቱ ወተትን መረመረ፤ አፈርን፣ የግድግዳ ምርጊትን፣ የቤት ትቢያንና የጎታ እህልን ጐን ለጐን አልመረመረም። ስለዚህ መርዝ እንዳለ ነገረን፤ በየት በር እንደ ገባ ግን አልነገረንም። በ2014 በጅማ ዞን በጤፍ፣ በበቆሎ፣ በበርበሬና በቡና ላይ የተደረገው ሌላ ጥናት ዲ.ዲ.ቲ.ንና ሌሎችን ፀረ ተባዮች በምግብ ውስጥ ማግኘቱ አንዱን በር አሳይቷል። መድረሻውን ከመነሻው ጋር የሚያገናኝ አንድ የተሟላ ሥራ ግን ያስፈልጋል።

ምንጩን ሳያውቁ መፍረድ ምን እንደሚያስከትል የቡና አገር ሰው አይዘነጋውም። በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከወሰን ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት በማግኘቷ ንግዱ ክፉኛ ተጐዳ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ቡናው ማሳ ቢመለከትም፣ ኋላ ጥርጣሬው የወደቀው ቡናው በታጨቀበት ጆንያ ላይ ነበር። ያን ጊዜ የጅማን የቡና መሬት በኮረንቲ እናጥበው የሚል ሰው ተነሥቶ ቢሆን፣ ጆንያው እያለ አፈሩን ሲያጥብ በኖረ ነበር።

፭. መርዙ፣ አፈሩና ኀይሉ

ለክርክሩ ያህል በአሰንዳቦ አፈር ውስጥ ዲ.ዲ.ቲ. በብዛት አለ እንበል። ያን ጊዜስ ዘዴው ያወጣዋልን?

መጀመሪያ መርዙን እንመልከት። ዲ.ዲ.ቲ. ክስ የለውም፤ ስለዚህ እንደ እርሳስ ወደ ዘንጉ አይሄድም። የሚቀረው ተስፋ ውሃው ይዞት እንዲሄድ ነው። ውሃ ግን የሚወስደው የሟሟውን ብቻ ነው። በፓዱካ የነበረው ትራይክሎሮኢትሊን በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1 ግራም በላይ ይሟሟል፤ ዲ.ዲ.ቲ. ግን የሚሟሟው ከአንድ ሚሊግራም መቶኛ እንኳ በታች፣ ወደ 0.005 ሚሊግራም ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200,000 እጥፍ በላይ ነው። የፓዱካን ድል ለዲ.ዲ.ቲ. ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ፣ ጨው በውሃ ሟሟ ብሎ ድንጋይም ይሟሟል እንደ ማለት ነው።

ይህን በስሌት ለማሳየት እንሞክር። በአንድ ሴንቲ ሜትር 1 ቮልት ቢደረግ፣ በመልካም ሸክላ ውስጥ ውሃው በቀን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊጓዝ ይችላል እንበል፤ አንድ ሜትር ለመሄድ 25 ቀን ይበቃዋል። ዲ.ዲ.ቲ. ግን ከአፈሩ ብስባሽ ጋር በጥብቅ ይጣበቃል። ከመቶ ሁለት እጅ ኦርጋኒክ ካርቦን ባለው አፈር ውስጥ፣ በመማሪያ መጻሕፍት በሚገኙት የመጣበቅ ቁጥሮች ብናሰላ፣ ከውሃው 12,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ይሄዳል። 25 ቀን በ12,000 ሲባዛ 300,000 ቀን ይሆናል፤ ይኸውም ከ800 ዓመት በላይ ነው። ግምታችን በእጥፍ ቢሳሳት እንኳ፣ 400 ዓመት ወይም 1,600 ዓመት ይሆናል እንጂ ፍርዱ አይለወጥም።

ቀጥሎ አፈሩን እንመልከት። በ1993ቱ ጽሑፎችና ከነሱም በኋላ በወጡት ብዙ ሙከራዎች ዘንድ የሚወደደው አፈር ከመደብር የተገዛ ንጹሕ ካኦሊን ነው፤ በመስተዋት ወይም በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ታሽቶ፣ መርዙ በእጅ ተቀላቅሎበት፣ በማግስቱ ኮረንቲ ይለቀቅበታል። የጅማ አካባቢ ቀይ አፈር እንዲህ አይደለም። ሸክላው ከብረትና ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ጋር የተዋሐደ ነው። የሸክላው ፊት የአሉታ ክስ ሲይዝ፣ የብረቱ ኦክሳይድ ደግሞ በአሲድ ውስጥ የአዎንታ ክስ ይይዛል። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ክስ ያጠፋል። ቀደም ሲል አንባቢ በልቡ እንዲይዘው ያልነው አሲድ ከአዎንታው ዘንግ ተነሥቶ ሲስፋፋ፣ የውሃው ጉዞ ይደክማል፤ ይቆማል፤ አልፎም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።

ከዚህም የከፋ አለ። የጅማ ቀይ አፈር በተፈጥሮው አሲድነት የበዛበት ነው፤ ገበሬው ኖራ ይጨምርበት ዘንድ የሚመከረውም ስለዚህ ነው። የአፈሩ ፒ.ኤች. ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይሟሟና የበቆሎውን ሥር ያቀጭጨዋል። ኮረንቲው አሲድ ሲጨምርበት መርዙ ሳይወጣ አሉሚኒየሙ ይፈታል፤ ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙና ፖታሲየሙ ግን ክስ ያላቸው አዮኖች ስለ ሆኑ ፈጥነው ወደ አሉታው ዘንግ ይሰደዳሉ። ውጤቱም እንዲህ ይሆናል፦ መርዙ በቦታው ይቀራል፤ ለምነቱ ይሄዳል። ለፋብሪካ ግቢ ይህ ጉዳት ላይሆን ይችላል፤ ምግቡን ከዚያው አፈር ለሚያወጣ ገበሬ ግን አፈሩን ማጽዳት ሳይሆን መግደል ነው።

በመጨረሻ ስለ ኀይሉ። የአፈሩን ኮረንቲ አስተላላፊነት በመጠነኛ ግምት በሜትር 0.02 ሲመንስ ብናደርገው፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር 1 ቮልት ሲሰጥ ለአንድ ሜትር ኩብ አፈር 200 ዋት ያስፈልጋል። አንድ ሄክታር መሬት እስከ ግማሽ ሜትር ጥልቀት 5,000 ሜትር ኩብ አፈር አለው፤ ስለዚህ 1 ሜጋ ዋት ሌሊትና ቀን ይፈልጋል። በ100 ቀን 2.4 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም የግልገል ጊቤ አንደኛ ጣቢያ በሙሉ ኀይሉ 13 ሰዓት ሠርቶ የሚያወጣው ነው፤ ለአንድ ሄክታር፣ ለ100 ቀን ብቻ! ከላይ እንዳሰላነው ደግሞ ለዲ.ዲ.ቲ. የሚያስፈልገው 100 ቀን ሳይሆን መቶ ዓመታት ነው። በዚህ ላይ የሚዝጉት ዘንጎች፣ የሚወጣው ሃይድሮጅን፣ በክረምት ረግረግ በሚሆን መሬት ላይ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱት ልጆችና ከብቶች አሉ።

፮. ሊቀርብብን የሚችል መልስ

የዘዴው ወዳጆች መልስ እንደማያጡ እናውቃለን። የመጀመሪያው መልሳቸው፣ ዲ.ዲ.ቲ. በውሃ ካልሟሟ ሳሙና መሰል ፈሳሽ ወይም ሳይክሎዴክስትሪን ተጨምሮ ይሟሟል የሚል ነው። እውነት ነው፤ በቤተ ሙከራ ጉዞውን ያፋጥነዋል። ነገር ግን ፈሳሹ ራሱ ከሸክላው ጋር ይጣበቃል፤ ብዙ ይፈጃል። በአፈሩ ተጣብቆ አርፎ የተቀመጠውን መርዝም ፈትቶ ወደ ጕድጓድ ውሃ ሊያወርደው ይችላል። ቀድሞ ሳይንቀሳቀስ የኖረውን አንቀሳቅሶ መሰብሰብ ካልተቻለ፣ ጥፋቱ ከፊተኛው ይብሳል።

ሁለተኛው መልሳቸው መርዙን ከማውጣት ይልቅ የብረት ደቃቅ ወይም ኦክሲጅን ሰጪ ቅመም በኮረንቲ እየገፉ ወደ መርዙ ማድረስና በቦታው ማፍረስ ነው። ይህ ከፊተኛው የተሻለ ሐሳብ ነው፤ እኛም አክብረን እንመለከተዋለን። የሚስማማው ግን መርዙ በጥቂት ስፍራ በብዛት ለተከማቸበት፣ ለምሳሌ ያረጀ የፀረ ተባይ መጋዘን ለነበረበት ግቢ ነው። አገራችን ያረጁ ፀረ ተባዮችን ሰብስባ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ1,000 ቶን በላይ ወደ ፊንላንድ ልካ እንዲቃጠል ማድረጓ ይታወሳል። ዕቃው ሲሄድ የፈሰሰው በመጋዘኑ ወለልና ከወለሉ በታች ባለው አፈር ይቀራል። እንዲህ ያለው ስፍራ ጠባብ ነው፤ እህል አይበቅልበትም፤ ሊታጠርና ሊጠበቅ ይችላል። በየቤቱና በየማሳው በጥቂት በጥቂቱ ለተበተነው መርዝ ግን ይህም አይሆንም።

ሦስተኛው መልሳቸው «ታዲያ ኮረንቲ ለኢትዮጵያ አፈር ከቶ አይረባም ልትሉ ነውን?» የሚል ይሆናል። አላልንም። ጨው በበዛበት የአዋሽ ሸለቆ መሬት፣ አሮጌ ባትሪ በሚፈታበት ግቢ በፈሰሰ እርሳስ፣ ቆዳ ፋብሪካዎች ባሉባት በሞጆ በክሮሚየም ላይ መሞከሩ ምክንያት አለው፤ እነዚህ ክስ ያላቸው ናቸውና። በእነዚህም ቢሆን ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ከመደብር የተገዛ ካኦሊን ሳይሆን ከዚያው ስፍራ የተቈፈረው አፈር መሆን አለበት።

፯. መደምደሚያ

እንግዲህ ከሁለቱ ሥራዎች አንድ ላይ መነበብ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። የ1993ቱ ጽሑፎች መድኃኒቱን አስተማሩን፤ በሽታው ይሆንለት እንደ ሆነ ግን ለኛ ሊነግሩን አይችሉም። የ2013ቱ ጥናት በሽታውን አሳየን፤ ሥሩን መፈለግ ግን ለተከታዩ ሠራተኛ ተወ። ተማሪ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት በተስፋ ብቻ ሞልቶ ከመድኃኒቱ ወደ በሽታው ቢዘል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ይደርስበታል።

ለባልደረቦቻችን ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በአሰንዳቦ ጥቂት ቤቶች ይመረጡ፤ ከእያንዳንዱ ቤት የግድግዳው ምርጊት፣ የወለሉ ትቢያ፣ የጎታው እህል፣ የጓሮው አፈር፣ የላሚቱ ወተት፣ ፈቃዷ ከሆነም የእናቲቱ ወተት በአንድ ቀን ይወሰድ። የዲ.ዲ.ቲ.ና የዲ.ዲ.ኢ. ድርሻ በእያንዳንዱ ይለካ። ርጭቱ ከቀረ ብዙ ዓመት አልፏልና፣ ያልተለወጠው ዲ.ዲ.ቲ. ድርሻ ከ0.57 እጅግ ወርዶ ከተገኘ መርዙ በጊዜ ብዛት እያረጀ ነው፤ ካልወረደ ግን አንድ ሰው ዛሬም ከአንድ ሱቅ እየገዛው ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ዘንግና ሽቦ ሳይሆን የሱቁን ደጃፍ የሚጠብቅ ሕግ፣ ለቤት እመቤቷም የነቀዝ መከላከያ የሚሆን ደኅና ጎታ ነው።

ጥፋቱ በአፈሩ ላይ ከተገኘ ደግሞ ከኮረንቲ በፊት የሚሞከር ቀላል ነገር በደጃችን ወድቋል። በጅማ የቡና ገለፈት አየር ባነሰበት እሳት ተከስሎ በቀይ አፈር ላይ ተሞክሯል፤ የአፈሩንም አሲድነት እንደሚቀንስ በ2015 በታተመ ጥናት ተጽፏል። እንዲህ ያለው ከሰል እንደ ዲ.ዲ.ቲ. ያሉትን በውሃ የማይሟሙ መርዞች አጥብቆ ይይዛል፤ ወደ ሰብሉ የሚያልፈውንም ያሳንሳል። መርዙን አያጠፋውም፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን ኮረንቲው አፈሩን አሲድ ሲያደርገው ከሰሉ አሲዱን ያበርዳል፤ ኮረንቲው ለምነቱን ሲያሰድድ ከሰሉ ለምነቱን ይይዛል፤ ዋጋውም ገበሬው ሊከፍለው የሚችለው ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገራችን ሰው። በሽታውን ሳይለዩ መድኃኒት መምረጥም ከዚያ አይሻልም። የግልገል ጊቤ ኮረንቲ ለአሰንዳቦ የሚሰጠው ነገር ብዙ ነው፤ ከነዚህም አንዱ የናሙናውን መመርመሪያ መሣሪያ በቤተ ሙከራ ውስጥ ማስነሣት ነው። አፈሩን ለማጠብ ከመዋሉ በፊት ለዚህ ሥራ ይዋል እንላለን።